የከፍተኛ ትምህርት ሥርዓቶችን በቪዲዮ ውይይት ማነጻጸር በወሎ

ድንበር ተሻጋሪ የቪዲዮ ውይይት በሁለት ወይም በሦስት አገር ያሉ ተማሪዎችና መምህራን በቀጠሮ በስክሪን ተገናኝተው የየዩኒቨርሲቲያቸውን አገባብ፣ ክፍያ፣ ፈተናና ምረቃ ጎን ለጎን የሚያዩበት የትምህርት ዘዴ ነው። በወሎ ሦስት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይገኛሉ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ እና ቱሉ አውሊያ ላይ የተተከለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ። ዘዴው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ጥሩ ዝግጅት ግን የግድ ነው፤ ውይይቱን ከኔትወርክ ይልቅ የሚያበላሸው ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቃል ሁለት ነገር መናገራቸው ነውና።

ከእንዲህ ያሉ ቃላት አንዱ ውጤት ነው። የደሴ ተማሪ 4 ነጥብ አመጣሁ ሲል ከዚያ በላይ ውጤት የለም። በጀርመን ግን ከፍተኛው 1.0 ነው፤ 4.0 ለጥቂት ማለፍ፣ 5.0 መውደቅ ነው። ፈረንሳይ ከ20 ታርማለች፣ ማለፊያው 10 ነው። በእንግሊዝ 70 ከመቶ የአንደኛ ማዕረግ ዲግሪ ያሰጣል፤ እኛ ጋ በዚሁ ነጥብ የሚገኘው ቢ ነው። ክሬዲትም እንዲሁ ያሳስታል። የአሜሪካ ባችለር ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት፣ የአውሮፓው የሦስት ዓመት ባችለር ደግሞ 180 ነው። የአውሮፓው አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚፈጅ ሥራን፣ ክፍል ውስጥም ቤትም የሚሠራውን፣ ጠቅልሎ ይቆጥራል፤ የአሜሪካውና የእኛው ክሬዲት አወር መነሻ ግን በሳምንት ክፍል ውስጥ የሚያልፈው ሰዓት ነው። ስለዚህ 180 ከ120 ይበልጣል ብሎ መደምደም ስህተት ነው።

ነጻ ትምህርት የሚባለው ነገር ከሁሉ ይበልጥ መዘርዘር አለበት። በጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛው ተማሪ የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ይከፍላል። ባደን ቩርተምበርግ ግን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጡትን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ታስከፍላለች። የቤት ኪራዩና ምግቡ የተማሪው ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ዶርም ያድራል፣ ካፌ ይበላል፤ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶውን ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። አንዱ ጋ ትምህርቱ ነጻ ሆኖ እንጀራው አይገኝም፤ ሌላው ጋ እንጀራው ዛሬ ቀርቦ ዕዳው ለነገ ይቆያል።

በዚህ ዓይነት ውይይት ሕግን ከሕግ፣ ኑሮን ከኑሮ ጋር ብቻ ማወዳደር ይገባል። በኢትዮጵያ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የፍሬሽማን (የጋራ የመጀመሪያ) ዓመት ስለተመለሰ አብዛኛው ባችለር በወረቀት አራት ዓመት ነው። ግን በዚያው ዓመት ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወሎ ሲደርስ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ፣ ማስተማርም አቋረጡ። የወሎ ተማሪ ይህን ሳይደብቅ መናገር አለበት፤ አለዚያ ዘግይቶ መመረቁ የስንፍና ይመስላል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 ከመቶ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውም፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ዲግሪ እንደማያገኝም በዚሁ ይነሣል።

ዓመተ ምሕረት ሲጠቀስ የእ.ኤ.አ. አቻው አብሮ ይጻፍ። አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና በሐምሌ 2015 ተሰጠ ሲባል የውጭው ሰው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ለእሱ 2023 ነው። ቀጠሮም እንዲሁ ነው። 3 ሰዓት ብቻ ብሎ መላክ ስብሰባውን ያስቀራል። ኒው ዮርክ ከጠዋቱ 9:00 ሲሆን በክረምታቸው እኛ ጋ 11 ሰዓት፣ በበጋቸው 10 ሰዓት ነው። አሜሪካ ሰዓቷን በመጋቢት መጀመሪያ ገደማ፣ አውሮፓ ደግሞ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይታ ስለምትቀይር በዚያ መሐል ሁሉንም እንደገና ማስላት ያሻል። ከጃፓን ጋር ብቻ ይቀላል፤ ቶኪዮ ላይ ከቀኑ 3 ሲል እኛም ጋ ከጠዋቱ 3 ነው።

በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ ለወራት ስለተቋረጠ ውይይቱን በግቢ ላብራቶሪ የገመድ መስመር ማካሄድ ይመረጣል። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ፕሮጀክተር ይበቃሉ። በአንድ ክፍል ሁለት ማይክ ከተከፈተ ድምፁ እየተመላለሰ ያስተጋባል። መስመሩ ሲደክም መጀመሪያ ካሜራው ይጥፋ፤ ውሂብ የሚፈጀው ከድምፅ ይልቅ ምስል ነው። ነጻው ዙም በ40 ደቂቃ ስለሚቋረጥ የ35 ደቂቃ ዕቅድ ይያዝ። መብራት ቢጠፋ ማን በምን መንገድ ለወዲያኛው ወገን እንደሚያሳውቅ ቀድሞ ይወሰን።

ከውይይቱ አንድ ሳምንት በፊት ሁለቱም ወገኖች ስም የተሰረዘበት አንድ ትራንስክሪፕትና የአንድ ሴሚስተር ወጪ ዝርዝር ይለዋወጣሉ። የእኛዎቹ አራት አምስት ሆነው በአማርኛ ይከራከሩበታል፣ ከዚያ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። መምህሩ መጨረሻ ይናገር፤ ቀድሞ ከተናገረ ተማሪው በአክብሮት ዝም ይላል፣ የወዲያኛው ወገንም የሚለው የሌለው ይመስለዋል።

ከፍተኛ ትምህርት እናንተ ጋ መቼ ተጀመረ ለሚለው ጥያቄ ብዙዎች በ1942 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተውን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይጠቅሳሉ። ለወሎ መልሱ ይሰፋል፦ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ ደረሳ (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) ከሼክ ወደ ሼክ እየዞረ ኪታብ የሚቀራባቸው እንደ ዳና ያሉ የእስልምና ማእከሎች አሉ። በእነዚህ ዘንድ ክሬዲትም የተወሰነ ዓመትም የለም፤ ተማሪው መድረሱን የሚመሰክረው ያስተማረው ሰው ነው። የምስክርነቱን ሥልጣን ለመምህር፣ ለተቋም ወይስ ለመንግሥት ፈተና መስጠት ይሻላል የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይወለዳል፤ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይመደብለት።