ፖስት ተጫዋች ምንድን ነው? ኮሌጆችስ ለምን ያጡታል?

ማርች 17 ቀን 2023፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሜዳ ገባ። መሃላቸው ዛክ ኢዲ የሚባል 2 ሜትር ከ24 የሆነ መለሎ አለ። ተጋጣሚያቸው ፌርሊ ዲኪንሰን የሚባል የኒው ጀርዚ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ360 በላይ ከሆኑት የአንደኛ ዲቪዚዮን የወንዶች ቡድኖች መካከል በአማካይ ቁመት ከሁሉም አጭሩ ቡድን። ከተጫዋቾቹ አንዱ 1 ሜትር ከ73 ብቻ ነው። ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ ቢቀመጥ ልብ አትሉትም።

አጭሩ ቡድን 63 ለ 58 አሸነፈ። በወንዶቹ የአገር አቀፍ የኮሌጆች ውድድር 16ኛ ሆኖ የተመደበ ቡድን 1ኛውን ሲጥል ይህ ሁለተኛው ጊዜ ብቻ ነበር።

«እና ታዲያ ቁመት ምን ፈየደ?» ያለ ብዙ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ጨዋታ የተማርኩት ሌላ ነገር ነው። ኢዲ በዚያ ምሽት 21 ነጥብ አስቆጥሯል፣ 15 ሪባውንድ (ስታ የተመለሰች ኳስ) ሰብስቧል። ችግሩ ኳሷ እሱ ጋ አልደርስ ማለቷ ነበር። አጫጭሮቹ አንዱ ከፊቱ አንዱ ከኋላው ሆነው ከበቡት። ጓደኞቹ ደግሞ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ 26 ጊዜ ወርውረው 5 ብቻ አገቡ። ከበባውን የሚያስፈታ ሰው ጠፋ።

ፖስት ተጫዋች ምን እንደሆነ ከዚህ ይገባል። ፖስት ማለት ምሰሶ ነው፤ ከፖስታ ቤት ጋር አታገናኙት። ከቀለበቱ ሥር ያለውን ቀለም የተቀባ አራት ማዕዘን «ፔይንት» ይሉታል። ፖስት ተጫዋች የዚህ ፔይንት ጠርዝ ላይ ጀርባውን ለቀለበቱ ሰጥቶ እንደ ምሰሶ ይተከላል። ኳስ ሲደርሰው ዞሮ ያስቆጥራል። ሁለት ሰው ከመጣበት ደግሞ ነፃ ለቀረው ጓደኛው ያቀብላል። ከቀለበቱ አጠገብ ከቆመ ሎው ፖስት፣ ከቅጣት መወርወሪያው መስመር አካባቢ ከቆመ ሃይ ፖስት ይባላል። አጥቂ ሆኖ ፔይንት ውስጥ ከ3 ሰከንድ በላይ መቆየት ክልክል ስለሆነ ገባ ወጣ እያለ ነው የሚሠራው። በመከላከል ጊዜ ደግሞ 3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ላይ የተሰቀለው ቀለበት ጠባቂ እሱ ነው።

ስለዚህ ፖስት ተጫዋችነት ቁመት ብቻ አይደለም። ሥራ ነው። ትከሻ፣ ዳሌ፣ የእግር አጣጣል፣ ጥሩ እጅና ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ።

ሥራው ምን ያህል ከባድ ሚዛን እንዳለው ለማወቅ ሕጉን ማየት ነው። የዲፖል ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ማይካንና የኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጁ ቦብ ከርላንድ ወደ ቀለበቱ የምትወርደውን ኳስ ከላይ እየለቀሙ ስላስቸገሩ፣ ኮሌጆቹ በ1944 ይህን ከለከሉ። በኋላ ከሪም አብዱልጀባር የተባለው ልጅ ለሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ለዩሲኤልኤ ሲጫወት ደግሞ ዳንክ ማድረግ (ኳሷን ከላይ ቀለበቱ ውስጥ መክተት) ከ1967 እስከ 1976 ታገደ። ከሪም በሕጉም ላይ ዋንጫውን ወሰደ።

ወደ እጥረቱ እንምጣ። መጀመሪያ ተራ ሒሳብ። 360 ቡድን እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ረጃጅም ቢፈልግ ከ1,000 በላይ ሰው ያስፈልጋል። የአሜሪካ ወንድ አማካይ ቁመት ግን 1 ሜትር ከ75 ገደማ ነው። ከ2 ሜትር ከ10 በላይ የሆነ ወጣት በመንገድ ስንት ጊዜ አይታችኋል? ካገኛችሁትም ጉልበቱን የሚያመው አለ፣ ኳስ የማይወድ አለ፣ ክፍል ውስጥ «ቀውላላ» እየተባለ ስላደገ ራሱን አጎንብሶ የሚሄድ አለ።

ቀጥሎ ያለው ችግር ይበልጣል። ረጅም ልጅ ዘግይቶ ነው የሚበስለው። አጥንቱ ቀድሞ ይሮጣል፤ ጡንቻውና ቅልጥፍናው ኋላ ይደርሳሉ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚገጥሙት ልጆች ደረቱ ላይ ስለሚቀሩ እውነተኛ ችሎታው አይታወቅም። በዚያ ላይ የበጋ ክለቦች ውስጥ ኳሷ በአጫጭሮቹ እጅ ናት፤ ረጅሙ ሜዳውን ሲመላለስ ይውላል። አሁን አሁን እሱም ሦስት ነጥብ መወርወር ነው የሚፈልገው። ጀርባን ሰጥቶ መጫወት የሚለማመደው ጥቂት ነው። አሰልጣኙ ደግሞ ለዓመታት በእጁ የነበረው 13 ስኮላርሺፕ ብቻ ነው። አንዱን ገና ላልበሰለ ልጅ ሰጥቶ ሁለት ዓመት መጠበቅ ወገብ ይፈትናል።

የቁመት ነገር ደግሞ አይገመትም። ዴቪድ ሮቢንሰን የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ሲገባ 2 ሜትር ገደማ ነበር። መርከብ ጠባብ ነውና አካዳሚው የቁመት ገደብ ነበረው፤ ለምልመላ የዚህን ያህል የማይመች ቤት የለም። ልጁ ግን ከገባ በኋላ አድጎ አድጎ 2 ሜትር ከ16 ደረሰ። ይህን ሎተሪ እንጂ ምልመላ አልለውም። የተገላቢጦሹ የክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዕጣ ነው። አንቶኒ ዴቪስ አጭር ሳለ ሲከታተሉት የነበሩት እነሱ ነበሩ። ልጁ በአጭር ጊዜ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተመዘዘ። ትልልቆቹም መጡ። ኬንታኪ ወሰደው፤ በ2012 ዋንጫ በላበት።

ዛክ ኢዲም ቶሮንቶ ውስጥ ሆኪና ቤዝቦል ሲጫወት ያደገ ልጅ ነው። ቅርጫት ኳስን የያዘው አሥረኛ ክፍል አካባቢ ነው። በእጩዎች ደረጃ ከ400ኛ በታች ነበር። የፐርዱው አሰልጣኝ ማት ፔይንተር ግን ከረጃጅሞች ጋር መሥራት ልማዱ ነው። ኢዲ መጀመሪያ ከትሬቪየን ዊሊያምስ ጋር ሰዓት እየተካፈለ ቆየ። ከዚያ በ2023 እና በ2024 ሁለት ጊዜ የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። በአጫጭሮቹ ከተዋረደ ከዓመት በኋላም ቡድኑን ለፍጻሜ አደረሰ። እዚያ 37 ነጥብ ቢያስቆጥርም ፐርዱ በዩኮን (በኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ) 75 ለ 60 ተሸነፈ። ዩኮንስ መሃል ላይ ማንን አቁሞ ነበር? ዶኖቫን ክሊንገንን፤ 2 ሜትር ከ18።

አራት ዓመት አንድ ቤት መቆየት! ይህ ነው እየጠፋ ያለው። ከ2021 ወዲህ ተጫዋቾች ዓመት ሳይቀመጡ ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ መዛወር ይችላሉ፤ የዝውውሩ መዝገብ «ፖርታል» ይባላል። በዚያው ዓመት ከስማቸውና ከምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው። ትንሹ ኮሌጅ ልጁን ያበላል፣ ጡንቻ ያስገነባል፣ ዞሮ ማስቆጠር ያስተምራል። ልጁ ሲበስል ትልቁ ኮሌጅ ይደውላል። ልጁን አልወቅስም፤ ማን ይጠላል?

ከውጭ አገር የመጡት ግን ለብቻ ይቸገራሉ። ኤፍ ዋን ቪዛን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ተማር እንጂ ሥራ አይልም። የኬንታኪው ኮንጎአዊ ኦስካር ቺብዌ በ2022 ቡድኑ ባሃማስ ሲሄድ የማስታወቂያ ሥራዎቹን እዚያው፣ ከአሜሪካ ምድር ውጭ ሠርቷል። ብልጥ ነው።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲን ታሪክ ያየ ሁሉንም ያያል። በ2023 የመሃል ምሰሶው ሃንተር ዲኪንሰን፣ 2 ሜትር ከ18፣ ወደ ካንሳስ ተዛወረ። ምክንያቱ እሱ ብቻ ባይሆንም ሚሺጋን በቀጣዩ ዓመት 8 አሸንፎ 24 ተሸነፈ። አሰልጣኙ ተነሣ፤ ዳስቲ ሜይ ከፍሎሪዳ አትላንቲክ ዩኒቨርሲቲ መጣ። ሜይ ባዶ እጁን አልመጣም። የቀድሞ ቡድኑ ሴንተር (የመሃል ረጅም ተጫዋች) የነበረው ቭላዲስላቭ ጎልዲን፣ 2 ሜትር ከ16 የሆነው ሩሲያዊ፣ ተከተለው። ከዬል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 2 ሜትር ከ13 የሆነው ዳኒ ዎልፍ መጣ። ዬል ለስፖርት ስኮላርሺፕ የማይሰጥ ቤት ነው፤ ምን ብሎ ያስቀረዋል? ሁለቱ ረጃጅሞች ጎን ለጎን ተሰልፈው ሚሺጋን በ2025 ቢግ ቴን የሚባለውን የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበሩን ውድድር በላ፤ በአገር አቀፉም ከመጨረሻዎቹ 16 ገባ።

ጎልዲን ማን መሰላችሁ? ፌርሊ ዲኪንሰን ፐርዱን በጣለ በሁለተኛው ቀን እሱን ራሱን 78 ለ 70 አሸንፎ ወደ ቤቱ የሸኘው ፍሎሪዳ አትላንቲክ ነበር። የዚያ ቡድን ምሰሶ እሱ ነው። ፍሎሪዳ አትላንቲክም ዬልም ሌላ ረጅም ልጅ መፈለግ ነበረባቸው።