የጃፓን ቤት ውሎና የቤት ውስጥ እንግሊዝኛ

ኦኡቺ ኤይጎ የጃፓን ቤተሰብ ከትምህርት ቤት ውጭ፣ በዕለት ውሎው መሐል ቀላል እንግሊዝኛ የሚለማመድበት ልማድ ነው። ቃሉ «የቤት እንግሊዝኛ» ማለት ነው። የሚለማመዱት ነገር ጫማ ማውለቅ፣ ሩዝ ማጠብ፣ ገላ መታጠብና ቆሻሻ ማውጣት ስለሆነ፣ ቤቱን ያላወቀ ሰው ትምህርቱ የት እንደሚሳካና የት እንደሚሰናከል ሊለይ አይችልም። እዚህ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤቱ

በሩ እንደተከፈተ የሚገኘው ዝቅ ያለ ወለል ጌንካን ይባላል። ጫማ እዚያ ይወልቃል፤ በካልሲ ያለ እግር ዝቅተኛውን ወለል ሳይነካ በቀጥታ ከፍ ወዳለው ይወጣል። ከዚያ ጫማው አፍንጫው ወደ በሩ እንዲመለከት ተዞሮ ይቀመጣል። ለመተላለፊያው ነጠላ ጫማ አለ፤ ታታሚ የሚባለው ወፍራም የወለል ምንጣፍ የተነጠፈበት ክፍል ሲገባ ግን እሱም ይወልቃል። መጸዳጃ ቤት የራሱ ነጠላ ጫማ አለው። እንግዶች አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የመጸዳጃ ቤቱን ጫማ እንዳደረጉ ወደ ሳሎን ይመለሳሉ።

የክፍል ስፋት የሚነገረው በታታሚ ቁጥር ነው። የኪዮቶ ታታሚ 191 በ95.5 ሴንቲ ሜትር፣ የቶኪዮ አካባቢው 176 በ88 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ «ባለ 6 ታታሚ» የተባለ ክፍል በኪዮቶ ወደ 10.9፣ በቶኪዮ ወደ 9.3 ካሬ ሜትር ይመጣል። በዚህ ልዩነት ምክንያት በቤት ማስታወቂያ ላይ አንድ ታታሚ ከ1.62 ካሬ ሜትር ማነስ እንደሌለበት ደንብ ወጥቷል። ፉቶን የሚባለው የወለል ፍራሽ ጠዋት ታጥፎ ቁም ሣጥን ይገባል። የሌሊቱ ላብ ወደ ታች ስለሚሰርግ፣ ሳይነሣ የሰነበተ ፉቶን ከሥሩ ይሻግታል፤ ታታሚውም አብሮ ይበላሻል።

ሩዝ የሚለካው በጎ ነው። 1 ጎ 180 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ጥሬው ሩዝ 150 ግራም ያህል ይመዝናል። ከኤሌክትሪክ ማብሰያው ጋር የሚመጣው ኩባያም 180 ነው። በተለመደው የ200 ሚሊ ሊትር ኩባያ የሰፈረ ሰው ውኃውን በማብሰያው ምልክት ሲሞላ ሩዙ ይደርቅበታል። የመጀመሪያው ማጠቢያ ውኃ ወዲያው መደፋት አለበት፤ ከቆየ ደረቁ ሩዝ የገለባውን ሽታ ይመጥጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ በበጋ ለ30 ደቂቃ፣ በክረምት ለ1 ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል። ይህን ሥራ ከእሳት ጥበቃ የገላገለው በ1955 ቶሺባ ለገበያ ያቀረበው አውቶማቲክ ማብሰያ ነው፤ የጃፓን እናቶችን ማለዳ ከለወጡ ዕቃዎች በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል።

ገላ የሚታጠቡት ከገንዳው ውጭ ነው። ሳሙናው በደንብ ከተለቃለቀ በኋላ ብቻ ወደ ገንዳው ይገባል፤ ቤተሰቡ በሙሉ በአንዱ ውኃ ተራ በተራ ስለሚጠቀም ውኃው አይደፋም፤ ሙቀቱን እንዲይዝ ይከደናል። በማግስቱ በትንሽ ፓምፕ ተስቦ ለልብስ ማጠቢያ ይውላል፤ ለማለቅለቅ ግን ንጹሕ ውኃ ይሻላል። በክረምት ቀዝቃዛ ክፍል ልብስ አውልቆ ሙቅ ውኃ መግባት የደም ግፊትን ስለሚያናውጥ አረጋውያን ገንዳ ውስጥ ሕይወታቸው ያልፋል። የመንግሥት ምክር ከ41 ዲግሪ ያልበለጠ ውኃ፣ ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ ቆይታ ነው።

ቆሻሻ እንደየከተማው ደንብ ይለያል። በብዙ ቦታ የሚቃጠለው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ይወጣል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑና ወረቀቱ ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ተጨፍልቆ ለብቻው ነው። ሳይለይ የወጣ ከረጢት ምልክት ተለጥፎበት ይተዋል።

እንግሊዝኛው ወደ ቤት የገባበት መንገድ

በ1808 ፌቶን የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ የሆላንድ ባንዲራ ሰቅላ ናጋሳኪ ወደብ ገባች። ከዚያ በኋላ የደች (የሆላንድ ቋንቋ) አስተርጓሚዎች እንግሊዝኛም እንዲማሩ ታዘዘ። የራዲዮ ሥርጭት በተጀመረበት በ1925 የእንግሊዝኛ ትምህርትም አብሮ ተጀመረ፤ በ1941 መጨረሻ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አቋረጠው።

ቋንቋው በእርግጥ ማዕድ ቤት የደረሰው ጃፓን ከተሸነፈች በኋላ ነው። ጦርነቱ ባበቃ በሁለት ወር ውስጥ፣ በጥቅምት 1945፣ ባለ 32 ገጽ የእንግሊዝኛ ንግግር መምሪያ ታትሞ ወደ 3.6 ሚሊዮን ቅጂ እንደተሸጠ ይነገራል። የካቲት 1 ቀን 1946 ደግሞ ሂራካዋ ታዳይቺ በጃፓን የሕዝብ ማሰራጫ በኤንኤችኬ ራዲዮ የ15 ደቂቃ የንግግር ትምህርቱን ጀመረ። ሂራካዋ በወጣትነቱ አሜሪካ ሄዶ እንግሊዝኛን በዕድሜ ከሚያንሱት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተቀምጦ የተማረ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም ቴአትር ያጠና ሰው ነበር። መግቢያ መዝሙሩን ያዘጋጀው ሕፃናት ሁሉ በሚያውቁት የጃፓን ዜማ ላይ «ካም ካም ኤቭሪባዲ» የሚል የእንግሊዝኛ ግጥም ገጥሞ ነው፤ ፕሮግራሙም በሕዝቡ አፍ «ካም ካም» ተብሎ ቀረ።

የሂራካዋ ታላቅ ሥራ ርዕስ መምረጡ ነው። ሰዋስው አላስተማረም፤ በየሳምንቱ ከአንድ ቤተሰብ ውሎ የተቀዳ አጭር ንግግር ያቀርብ ነበር። ሕፃን የእናቱን አፍ አይቶ እንደሚናገር ሁሉ፣ አድማጩም ሳይመረምር እንዲደግም ይመክር ነበር። ምግብ በራሽን በሚታደልበት በዚያ ዘመን ልጆችና ወላጆች አንድ ራዲዮ ከብበው ተቀመጡ፤ በየከተማው የካም ካም ክበቦች ተመሠረቱ። ትምህርቱ በኤንኤችኬ እስከ 1951፣ ከዚያም በግል ጣቢያዎች እስከ 1955 ተላልፏል። ዛሬም የ15 ደቂቃው የራዲዮ ትምህርትና በየወሩ የሚታተመው መጽሐፉ ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ።

ትምህርት ቤቱ ዘግይቶ ነው የተከተለው። በ2011 ለ5ኛና 6ኛ ክፍል የውጭ ቋንቋ እንቅስቃሴ ግዴታ ሆነ። ከ2020 ጀምሮ 3ኛና 4ኛ ክፍል በዓመት 35 ክፍለ ጊዜ፣ 5ኛና 6ኛ ክፍል ደግሞ መደበኛ ትምህርት ሆኖ 70 ክፍለ ጊዜ ይማራሉ፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። እስከ 6ኛ ክፍል የሚጠበቀው ከ600 እስከ 700 ቃል ነው። ቀድሞ መጀመር ይጠቅማል የሚሉና የጃፓንኛውን መሠረት ያናጋል የሚሉ ወገኖች እስካሁን አልተስማሙም። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ክፍለ ጊዜ ያለ ቤት ልምምድ እንደማይበቃ ግን ግልጽ ነው።

የሚያሰናክለው

ጃፓንኛ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ልዩነቱ ግሡ ላይ ነው። «በላሁ» ማን እንደበላ ይናገራል፤ የጃፓንኛው «ታቤታ» ግን እኔ፣ አንተ ወይም እሷ አይልም። ስለዚህ ልጁ እንግሊዝኛ ሲናገር ባለቤቱን ይዘላል።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ፊደላችን ሳድስ ስላለው ተነባቢን ብቻውን እንጽፋለን፤ ጃፓኖች የውጭ ቃል በሚጽፉበት ፊደል፣ በካታካና፣ ግን ከ«ን» በቀር እያንዳንዱ ፊደል አናባቢ ተሸክሟል። በእንግሊዝኛ በአንድ ትንፋሽ የሚባለው «ስትራይክ» ሱ-ቶ-ራ-ኢ-ኩ ሆኖ አምስት ምት ይወጣዋል፤ «ሚልክ» ሚሩኩ ይሆናል። «ል» እና «ር» ደግሞ በአንድ ድምፅ ይጠቃለላሉ። ጥፋቱን የሚያጸናው ከእንግሊዝኛው ቃል በላይ ካታካና መጻፍ ነው፤ ዓይን ያየውን ጆሮ መስማት ያቆማል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ መስማት፣ ቀጥሎ መድገም፣ መጨረሻ ላይ ፊደሉን ማየት ነው። ለ«ሚልክ» አንዴ ብቻ እያጨበጨቡ ማስደገም ትርፍ አናባቢውን ይቆርጣል።

ሦስተኛው ቤቱን የሞሉት እንግሊዝኛ መሰል ቃላት ናቸው። «ኮንሴንቶ» በጃፓን ሶኬት ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ ፈቃድ ማለት ነው። «ማንሾን» በጋራ ሕንፃ ውስጥ ያለ መኖሪያ እንጂ የባለጸጋ ግቢ አይደለም። «ሱቶቡ» ክፍል ያሞቃል እንጂ ወጥ አይሠራበትም፤ «ሪፎሙ» ደግሞ የቤት እድሳት ነው።

ሰላምታውም አይመጣጠንም። ከቤት የሚወጣው «ኢተኪማስ» ይላል፤ የእኛው «ሄጄ መጣሁ» ነው። የቀረው «ኢተራሻይ» ብሎ ይሸኘዋል። ሲመለስ «ታዳይማ» ይላል፤ «ኦካኤሪ» ተብሎ ይቀበሉታል። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ልክ የሚሆን ቃል ስለሌለው፣ ቃል በቃል የተረጎመ ልጅ «ሄጄ እመጣለሁ» ያለ ይመስለዋል፤ ሰሚው ግን ግር ይለዋል። «ሲ ዩ ሌተር» እና «አይም ሆም» ከነድርጊታቸው፣ ጌንካን ላይ ጫማ ሲጠለቅና ሲወልቅ ቢለመዱ ይሻላል።

የልምምዱ መጠን በቀን 15 ደቂቃ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ነው። ለአንድ ሳምንት አንድ ሥራ ይመረጣል፤ ለምሳሌ ሩዝ ማጠብ። ለሥራው ከሦስት እስከ አምስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ይያዛሉ፤ ወላጅ እጁ እየሠራ ይናገራል፣ ልጅ ይደግማል። በየቀኑ አዲስ ዐረፍተ ነገር ከተጨመረ የሰኞው ዓርብ ላይ ጠፍቶ ይገኛል። ስህተት በተሰማ ቁጥር ልጁን ማቋረጥም አፉን ይዘጋዋል፤ ትክክለኛውን ዐረፍተ ነገር ወላጁ ራሱ መልሶ በመናገር ያሰማዋል።