ስቴንት ሲገጠም ምን ሊበላሽ ይችላል?

ጅማ ላይ ቡና ተፈልቶ ወሬ ሲነሳ «እገሌ እኮ ልቡ ላይ ሽቦ ተገጠመለት» ሲባል ትሰማላችሁ። ስቴንት ማለታቸው ነው። አባባሉ ከእውነቱ አይርቅም፤ የጠበበ የልብ ደም ስርን ከፍቶ የሚይዝ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ የብረት ቱቦ ነው፣ ስፋቱም ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ልብ ደም ስር ውስጥ የገባው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል፣ ባልተነፋ ፊኛ ላይ ተጣብቆ በቀጭን ሽቦ እየተመራ ይሄዳል። የጠበበው ቦታ ሲደርስ ፊኛው ይነፋል፣ ስቴንቱ ይከፈትና እዚያው ይቀራል።

ብረት ነውና የሚያስቸግረውም እንደ ብረት ነው።

በጣም የሚያስፈራው የደም ስር መበሳት ነው። ብዙ አይደለም የሚያጋጥመው፣ ካጋጠመ ግን ደሙ ልብን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ይጠራቀምና ልብን እየተጫነ እንዳይሞላ ያደርገዋል፣ የደም ግፊትም በደቂቃዎች ውስጥ ሊወርድ ይችላል። ሐኪሙ መጀመሪያ ፊኛ ነፍቶ ቀዳዳውን ያፍናል፤ ካልቆመ ጨርቅ መሳይ ሽፋን ያለው ስቴንት ያስገባል፣ የተጠራቀመውን ደም ደግሞ በመርፌ ይቀዳል። ተንኮለኛው በመሪው ሽቦ ጫፍ የሚመጣው ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ከሰዓታት በኋላ ሊታወቅ ይችላል። የደም ስሩ የውስጥ ሽፋን መሰንጠቅም አለ፣ እሱ ብዙ ጊዜ በሌላ ስቴንት ይደገፋል።

ደም ስሩ ጠመዝማዛ ከሆነ ወይም በካልሲየም ከደደረ ስቴንቱ ከፊኛው ላይ ሊወልቅም ይችላል። ያኔ በማጥመጃ ገመድ ይያዛል፣ ካልሆነ በሌላ ስቴንት ከግድግዳው ጋር ይለጠፋል። መሪው ሽቦ ከስቴንቱ ውስጥ ካልወጣ ግማሽ ሥራ ተቃለለ ማለት ነው። ድሮ ሐኪሞች በእጃቸው ፊኛው ላይ ሲያጣብቁት ይብስ ነበር፤ አሁን ከፋብሪካ ተጣብቆ ነው የሚመጣው።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ድምፅ የሌለው ነው፦ በደንብ ያልተከፈተ ስቴንት። በተራው የኤክስሬይ ምስል ደህና ሊመስል ይችላል፣ በኋላ ግን ደም ይረጋበታል። በደም ስር ውስጥ የሚገባ አልትራሳውንድ ነው የሚያጋልጠው። የደደረውንም ደም ስር ስቴንቱ ከመግባቱ በፊት ማላላት ይሻላል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የሚሰበር ስቴንትም አለ፣ በተለይ በቀኙ የልብ ደም ስር፣ በየምቱ በሚተጣጠፍበት ቦታ።

አዲስ አበባ ስቴንት አስገጥሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅማ ለሚመለስ ሰው ሁለት ነገር፦ ደም እንዳይረጋ የሚሰጡትን መድኃኒቶች፣ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬልን፣ «ተሽሎኛል» ብሎ በራስ ፈቃድ ማቆም የለም፣ ሳያልቅም አስቀድሞ መግዛት ነው። ሌላው፣ የስቴንቱ ዓይነት፣ መጠንና የገባበት ቦታ የተጻፈበትን ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ። ሌሊት ደረታችሁን ቢያማችሁ ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።