ዝንጀሮ፣ ንድፈ ሐሳብ፣ ዓለማዊ፦ ስለ ዝግመተ ለውጥ ትምህርት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ዝግመተ ለውጥ በአማርኛ ክርክር ሲነሣ ግማሹ ጠብ ከቃላቱ ይጀምራል። «ዝንጀሮ»፣ «ንድፈ ሐሳብ»፣ «ዝግመት»፣ «ዓለማዊ»፦ አራቱንም በሌላ ትርጉም ስንጠቀምባቸው ኖረናል፤ ክፍል ውስጥ ሲገቡም ያንኑ ትርጉም ተሸክመው ይገባሉ። ከዚህ በታች የሚነሣው የፍርድ ቤት ታሪክ የአሜሪካ ነው። ክርክሩ በመሐላ ቃል፣ በመስቀለኛ ጥያቄ የተፈተነው እዚያ ነው፤ ልጆቹን በዚያው አገር የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የአገራችን ሰውም ጥቂት አይደለም። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ገና ንድፈ ሐሳብ ነው፤ አልተረጋገጠም»

ለዚህ ስሕተት ቃሉም አስተዋጽኦ አለው። «ንድፍ» ሲባል ገና ያላለቀ፣ በእርሳስ የተሞነጫጨረ ነገር ይታየናል፤ «ሐሳብ» ደግሞ ማንም ያለው ነገር ነው። በሳይንስ ግን ያልተፈተነው ግምት መላምት ይባላል። ንድፈ ሐሳብ የሚባለው ብዙ የተረጋገጡ እውነታዎችን ባንድ ላይ የሚያብራራ፣ ያልታየውን አስቀድሞ የሚናገርና በተደጋጋሚ ፈተና ያልወደቀ ማብራሪያ ነው። በሽታ በጀርም ይተላለፋል የሚለው ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ቁስ ከአተም የተሠራ ነው የሚለውም እንዲሁ። ንድፈ ሐሳብ ሲያድግ ሕግ አይሆንም። ሕግ የሚሆነውን ይገልጻል፣ ንድፈ ሐሳብ ለምን እንደሚሆን ያስረዳል።

በጆርጂያ ግዛት የኮብ ካውንቲ ትምህርት ቦርድ በ2002 በባዮሎጂ መጻሕፍት ላይ ዝግመተ ለውጥ ንድፈ ሐሳብ እንጂ እውነታ አይደለም የሚል ተለጣፊ አስለጥፎ ነበር። ለሰሚው ቀላል ማሳሰቢያ ይመስላል። ችግሩ፣ በመጽሐፉ ካሉት ንድፈ ሐሳቦች መካከል ተለጣፊ የተለጠፈበት አንዱ ብቻ መሆኑ ነው። ፍርድ ቤት በ2005 እንዲነሣ አዘዘ፤ ይግባኝ ከተባለ በኋላም ቦርዱ በ2006 መጨረሻ ዳግመኛ ላለመለጠፍ ተስማማ።

«ሰው ከዝንጀሮ መጣ ይላሉ»

አይሉም። አማርኛ ለቺምፓንዚ የራሱ ስም የለውም፤ ስለዚህ ሁሉንም «ዝንጀሮ» እያልን እንጠራለን፤ ወዲያው ገደል አፋፍ ላይ የሚሰፍረው፣ ማሳ የሚያጠፋው እንስሳ ትዝ ይለናል። ከእሱ ጋር የምንጋራው የዘር ሐረግ ከተለያየ 25 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖታል። ከቺምፓንዚ ጋር የተለያየነው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የአጎት ልጅ አያት አይደለም፤ አያትን ግን ይጋራል። «ታዲያ ዝንጀሮ ለምን እስከ ዛሬ አለ?» የሚለው ጥያቄ «እኔ ካለሁ የአጎቴ ልጅ ለምን አለ?» እንደ ማለት ነው።

ዝምድናው በምን ይታወቃል? አንድ ማስረጃ ብቻ ቀረብ ብለን እንይ። ሰው 23 ጥንድ ክሮሞዞም (የዘር መረጃ የተጻፈበት ክር) አለው፤ ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን ግን 24 ጥንድ አላቸው። የጋራ ቅድመ አያት ካለን አንድ ጥንድ የት ገባ? እንዲሁ ጠፍቶ ቢሆን ፅንሱ በሕይወት ባልቆየ ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ሆነው መሆን አለባቸው። ይህ ሊፈተን የሚችል ትንቢት ነው። እያንዳንዱ ክሮሞዞም ጫፉ ላይ የጫማ ማሰሪያ ጫፍን እንደሚይዘው ፕላስቲክ ያለ መዝጊያ አለው፤ ቴሎሜር ይባላል፣ ቲቲኤጂጂጂ የሚሉ ስድስት ፊደላት እየተደጋገሙ የተጻፉበት ነው። መሃሉ ላይ ደግሞ ሴንትሮሜር የተባለ አንድ ማሰሪያ አለ። ሁለት ክሮሞዞም ጫፍ ለጫፍ ከተጣበቁ መሃል ላይ መገኘት የሌለበት የጫፍ ጽሑፍ መገኘት አለበት፣ ያውም ፊትና ኋላ ሆኖ የተገጣጠመ፤ ሥራ ያቆመ ሁለተኛ ሴንትሮሜርም እንዲሁ። የሰው ክሮሞዞም ቁጥር 2 ሲነበብ ሁለቱም ተገኙ። ጽሑፉ ባይገኝ ኖሮ የጋራ ቅድመ አያት የሚለው ነገር ከባድ ችግር ውስጥ ይገባ ነበር።

«ዝግመት ስለሆነ ማንም አላየውም»

ስሙ «ዝግመተ ለውጥ» መባሉ አሳስቶናል። ፍጥነቱ የሚወሰነው በትውልድ ርዝመትና በምርጦሹ ጫና ነው፤ ትውልዱ በቀናት ለሚቆጠር ተሕዋስ ዝግመት የለም። «ምርጦሽ» የሚለውም መራጭ ያለ ያስመስላል፤ መራጭ የለም፣ ማን ተርፎ ተባዛ የሚለው ብቻ ነው ያለው።

ወባ ያለበት ወረዳ የሚገኝ ጤና ኬላ እንሂድ። ጣት ይወጋል፣ ጠብታ ደም ፈጣን መመርመሪያው ላይ ይደረጋል፣ የመመርመሪያው ፈሳሽ ይጨመርበታል፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይጠበቃል። አንድ መስመር መሣሪያው እንደሚሠራ ያሳያል፤ ሁለተኛው ከወጣ ወባ አለ። ለፋልሲፓረም ወባ በብዛት የሚያገለግለው መመርመሪያ የሚፈልገው የወባው ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመርተውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። አሁን፣ በአጋጣሚ የዚህ ፕሮቲን ዘረመል የጎደለው ጥገኛ አለ እንበል። ታማሚው እየተንቀጠቀጠ መስመሩ አይወጣም። «ወባ የለብህም» ይባላል፣ መድኃኒት አይሰጠውም። ትንኝ ነክሳው ያንን ጥገኛ ለጎረቤት ታደርሳለች። ዘረመሉ ያለው ጥገኛ ግን ተመርምሮ፣ ታክሞ ይጠፋል። መርምሮ ማከም ትክክል ነው፤ ሳያስበው ግን የሚሰወረውን ጥገኛ ይጠቅማል።

ይህ የታሰበ ምሳሌ አይደለም። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎችን ያካተተ ጥናት በ2021 ታትሟል፤ በዚህ ጉድለት ምክንያት በመመርመሪያው ሊታለፍ የሚችለው የፋልሲፓረም ሕመም 9.7 በመቶ ገደማ እንደሆነ ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ይቀየር የሚለው 5 በመቶ ሲያልፍ ነው። ምን ዓይነት ይተካ የሚለውን የሚመልሰውም ይኸው እውቀት ነው፦ ጥገኛው ሳይኖረው መኖር የማይችለውን ኢንዛይም የሚፈልግ መመርመሪያ ይሻላል፣ እሱን ጥሎ ማምለጥ ይከብደዋልና። የዝግመተ ለውጥን ምዕራፍ ዘለው ያለፉት የላቦራቶሪ ባለሙያ ይህን ከየት ያመጡታል?

የስንዴ ዋግም እንዲሁ ነው። «ዲገሉ» የተባለው ዝርያ አንዱን የግንድ ዋግ ዘር ስለቋቋመ በባሌና በአርሲ በሰፊው ተዘራ። በ2013 ሌላ የዋግ ዘር መጣ፤ የዲገሉ መከላከያ አላቆመውም፣ በአንዳንድ ማሳ ምርቱ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ሰፊ መሬት በአንድ መከላከያ ብቻ ሲሸፈን ያንን መከላከያ ለሚያልፍ ፈንገስ ድግስ መደገስ ነው።

«የድንቅነሽ ዕድሜ ግምት ነው፤ ካርቦንም ይሳሳታል»

ካርቦን 14 ለድንቅነሽ ጨርሶ አልዋለም፣ ሊውልም አይችልም። በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ከ50,000 ዓመት ገደማ በኋላ የሚለካ ነገር አይተርፍም። እሷ በተገኘችበት በሐዳር የተለካው አጥንቱ ሳይሆን የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ፖታሲየም 40 ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ይለወጣል፤ ለመጋመስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ድንጋዩ ቀልጦ ሲፈነዳ የነበረው አርጎን ጋዝ ሆኖ ያመልጣል፣ ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ስሕተት የሚገባው ጎርፍ የቆየ አመድ አምጥቶ ከአዲሱ ሲቀላቅል ነው። ስለዚህ ክሪስታሎቹ አንድ በአንድ በሌዘር ቀልጠው ይለካሉ፤ ከሌሎቹ በጣም ያረጀ ከተገኘ ከሌላ ቦታ የመጣ መሆኑ ይታወቃል። ከድንቅነሽ በታች ያለው የአመድ ንጣፍ 3.18 ሚሊዮን ዓመት፣ ከሷ በላይ ያለው 2.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ። እሷ በሁለቱ መካከል፣ ለታችኛው ቀርባ ናት።

«አንድ አጥንት አግኝተው ነው» ለሚለው ደግሞ፦ በ1974 የተገኘው የአጽሟ 40 በመቶ ገደማ ነው፤ በማግስቱ ዓመት እዚያው ሐዳር ቢያንስ የ13 ግለሰቦች ቅሪተ አካል ባንድ ቦታ ተገኘ፤ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን በዲኪካ ያገኛት ሕፃን ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ነው።

«ሁለቱንም ያስተምሩና ተማሪው ይምረጥ»

ከሁሉ ይልቅ ሚዛናዊ መስሎ የሚታየው ይህ ነው፤ ለዚህም ነው በዝርዝር የምናየው። ሉዊዚያና ዝግመተ ለውጥ በተማረ ቁጥር «የፍጥረት ሳይንስ»ም እንዲታከል በሕግ ደንግጋ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 1987 ሕጉን በ7 ለ2 ድምፅ ሻረው፤ ዓላማው ሃይማኖትን ማራመድ ነው በሚል። ከዚያ በኋላ የመጣው ስም «ኢንተለጀንት ዲዛይን» ነው፦ ሕይወት ብልህ ነዳፊ አላት፣ ነዳፊው ማን እንደሆነ ግን አንናገርም።

በጥቅምት 2004 በፔንሲልቬኒያ የዶቨር ትምህርት ቦርድ በ6 ለ3 ድምፅ፣ ለ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ ተማሪዎች አንድ ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ መግለጫ እንዲነበብ ወሰነ፦ ዝግመተ ለውጥ ክፍተት አለበት፣ ኢንተለጀንት ዲዛይን ሌላ ማብራሪያ ነው፣ ስለ እሱ የሚያስረዳው የማጣቀሻ መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ። የባዮሎጂ መምህራኑ አናነብም አሉ፤ አስተዳዳሪዎች ገብተው አነበቡት። 11 ወላጆች ከሰሱ።

ችሎቱ ላይ ጉዳዩን ያበላሸው የዚያ የማጣቀሻ መጽሐፍ ረቂቆች መቅረብ ነው። ከ1987ቱ ፍርድ በፊት የነበረው ረቂቅ «ፍጥረት» ይላል፤ ከፍርዱ በኋላ ያለው 150 ያህል ቦታ ላይ «ዲዛይን» ተብሎ ተቀይሯል፣ ትርጉሙ ግን እንዳለ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቅየራው በትክክል ሳይሠራ ቀርቶ አዲሱ ስም በአሮጌው ቃል ሆድ ውስጥ ተሰንቅሮ ረቂቁ ላይ ቀርቷል፤ የሁለቱም ጫፍ ይታያል። ከክሮሞዞም 2 የማይተናነስ ቅሪት!

ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ የሾሟቸው ዳኛ ጆን ጆንስ በታኅሣሥ 20 ቀን 2005 ባለ 139 ገጽ ፍርድ ሰጡ፦ ኢንተለጀንት ዲዛይን ሳይንስ አይደለም። ከዚያ ቀደም በኅዳር በተደረገው ምርጫ ለውድድር የቀረቡት የቦርዱ አባላት ተሸንፈው ነበር። አውራጃው ለከሳሾቹ ጠበቆች አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማማ፤ ከትምህርት በጀት የወጣ ገንዘብ ነው።

ወደ ሳይንስ ክፍል የሚያስገባው በር ምርምርና የእኩዮች ግምገማ ነው፤ አዲስ ሐሳብ መጀመሪያ ባለሙያውን ያሳምናል፣ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሚገባው በመጨረሻ ነው። በቦርድ ድምፅ በቀጥታ ወደ 14 ዓመት ልጅ ደብተር መዝለል ወረፋ መስበር ነው። የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ መዳኘት የሚችለው የተማረውን እንጂ ገና ያልተማረውን አይደለም።

«መቀበል እምነትን መካድ ነው»

የአሜሪካዋ አርካንሳስ በ1981 ከሉዊዚያናው ጋር ተመሳሳይ ሕግ ስታወጣ በከሳሽነት ከተሰለፉት መካከል የሜቶዲስት፣ የኤጲስቆጶሳዊትና የካቶሊክ ጳጳሳት ይገኙበት ነበር። በዶቨር ችሎት ለሳይንሱ የመሰከረው ባዮሎጂስት ኬኔት ሚለር ካቶሊክ ነው። ዘረመልን ከዝግመተ ለውጥ ጋር ካዋሐዱት አንዱ የሆነው ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ የኦርቶዶክስ አማኝ ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በ1996 ነገሩ ከመላምት በላይ መሆኑን ተናግረዋል።

እውነቱን ለመናገር ግን ግጭቱ ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም። ስድስቱን ቀናት የ24 ሰዓት ቀናት፣ ምድርንም የጥቂት ሺህ ዓመት ልጅ አድርጎ የሚያነብ ሰው ከጂኦሎጂም ከባዮሎጂም ጋር ይጋጫል። ያንን የሚፈታው የባዮሎጂ መምህሩ አይደለም፤ ንባቡን የሚተረጉም የራሱ መምህር አለው።

«ዓለማዊ መንግሥት ፀረ ሃይማኖት ነው»

በአማርኛ «ዓለማዊ» የ«መንፈሳዊ» ተቃራኒ ነው፤ ዘፈንም ኃጢአትም «ዓለማዊ» ይባላል። የሕጉ ትርጉም ግን ሌላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፣ ጣልቃ መግባትን የሚከለክለውም ሁለቱንም ወገን ነው። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል፤ አንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች የራሳቸውን የሃይማኖት ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው እንዲያሳድጉ ይፈቅዳል። የቅኔ መምህሩን ኬሚስትሪም አስተምሩ ያላቸው የለም።

በአሜሪካም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1962 ፍርድ በመንግሥት ትምህርት ቤት የከለከለው ባለሥልጣን የደረሰውን ጸሎት ማስደገምን ነው። ተማሪው በራሱ ቢጸልይ፣ ምሳ ከመብላቱ በፊት ቢያማትብ፣ ጾም ነው ብሎ ሥጋውን ቢተው መብቱ ነው። በ1963 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት መጽሐፍ ቅዱስን በሥነ ጽሑፍነቱና በታሪክነቱ ማስተማር እንደሚቻል ለይቶ ተናግሯል።

በአሜሪካ፣ ልጃቸው ክፍል ውስጥ የዝግመተ ለውጥ ምዕራፉ እንደተዘለለ ወይም ስብከት እንደተጨመረ የሚጠራጠሩ ወላጅ መጀመሪያ የግዛቱን የሳይንስ ደረጃ ሰነድና የክፍሉን የትምህርት ዕቅድ ይጠይቁ፤ ሁለቱን ያስተያዩ። ቀን፣ የተባለው ቃልና የተሰጠው ወረቀት ይመዝገብ። ለመምህሩ በጽሑፍ፣ ካልሆነ ለርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያም ለቦርዱ፤ የቦርድ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ለመናገር የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ አንድ ነጥብ ብቻ ይዞ መሄድ ይበጃል። በተቃራኒው የልጃቸው እምነት ተነካ ብለው የሚሰጉ ወላጅ የፈተናውን ጥያቄ ይመልከቱ። «ዝግመተ ለውጥ እንደሚያስረዳው የሁለቱ ወፎች መንቁር ለምን ተለያየ?» የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። «ታምንበታለህ?» የሚል ካለ ያንን ጥያቄ ከፈተናው ማስወጣት የእርሳቸውም የሳይንስ መምህሩም ጉዳይ ነው።