የሠራተኛ ተቃውሞና የሥራ ማቆም አድማ በባሕር ዳር

በጣና ዳርቻ የደመወዝተኛ ሠራተኛ ታሪክ በአመዛኙ ከአንድ ፋብሪካ ጋር የተሳሰረ ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተገንብቶ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። ኃይል የሚሰጠው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ከተማውም በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመውን ፖሊ ቴክኒክ አግኝቶ ነበር። ከዚያ በፊት የታንኳ ቀዛፊው፣ ዓሣ አስጋሪውና ተሸካሚው የሚከፈላቸው በሠሩት ልክ ስለነበር ከአሠሪ ጋር የተነሣ ክርክር በሽማግሌ ያልቅ ነበር፤ በአንድ ጣሪያ ሥር በፈረቃ የሚገባ፣ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል ወዛደር በብዛት የታየው ከፋብሪካው ጋር ነው።

ሕጉም የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በሥራ ዘርፍ መደራጀትን በመርሕ ደረጃ ቢፈቅድም ዝርዝሩ እስከ 1955 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ቆይቷል፤ በ1955 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210ም በ1956 ዓ.ም. ወጣ። አዋጁ ማኅበር ለማቋቋም በአንድ ድርጅት ውስጥ ቢያንስ 50 ሠራተኞች እንዲኖሩ ይጠይቅ ነበር። ይህ ቁጥር ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀላል ሲሆን፣ ለሐይቁ ጀልባ፣ ለወፍጮ ቤት፣ ለጋራዥና ለአልቤርጎ ሠራተኛ ግን በሩን የሚዘጋ ነበር። በጎጃም ጠቅላይ ግዛት በዚያ ዘመን ጎልቶ የተሰማውም የወዛደሩ ሳይሆን የገበሬው ተቃውሞ ነው፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን የተቃወመው ዐመፅ መንግሥትን ጦር እስከማዝመት አድርሶታል።

አገር አቀፉ አድማ የተጠራው የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። በአቶ በየነ ሰሎሞን ይመራ የነበረው የአንድነት ማኅበሩ የጠራው ይህ የሥራ ማቆም አድማ በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያው አጠቃላይ አድማ ሲሆን ለአራት ቀናት ቆይቷል፤ ከጥያቄዎቹም መካከል ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰንና የሠራተኛ ሕጉ እንዲሻሻል የሚሉት ይገኙበታል። ወታደራዊው መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ማኅበሩ ደርግን በተቃወመ ጊዜ መሪዎቹ ታሰሩ፣ በመስከረም 1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በ1969 ዓ.ም. በምትኩ የቆመው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር (መኢሠማ) ከአድማ ይልቅ ምርት ማሳደግን የሚሰብክ ነበር። ስለዚያ አሥራ ሰባት ዓመት በአድማ ታሪክ ብዙ የሚጻፍ የለም።

ዛሬ የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ለማኅበር 10 ሠራተኛ ይበቃል፤ አድማም መብት ነው። ሆኖም አድማ ለማድረግ ምክንያቱን ገልጾ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ በስምምነት ለመጨረስ መሞከር፣ ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በድምፅ ብልጫ መወሰን ያስፈልጋል። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በሦስት ፈረቃ በሚሠራ ፋብሪካ ግን በማንኛውም ሰዓት አንዱ ፈረቃ ማሽን ላይ ነው፣ ሌላው ከሌሊት ሥራ ገብቶ ተኝቷል፤ ሁለት ሦስተኛውን አንድ አዳራሽ ውስጥ ማግኘት ማሽኑን ካላቆሙ በጣም ይከብዳል፣ ማሽኑን ማቆም ደግሞ ራሱ አድማ ነው። ሥራ ማቀዝቀዝም መውጫ አይሆንም፤ አዋጁ ሆን ብሎ ምርት መቀነስን ከአድማ ይቆጥረዋልና። የመብራት፣ የውኃና የሆስፒታል አገልግሎት ሠራተኞች ደግሞ ከነጭራሹ ከአድማ የተከለከሉ ናቸው። በ1966ቱ አድማ የተጠየቀው የደመወዝ ወለል በበኩሉ ለግል ድርጅት ሠራተኛ እስካሁን አልተወሰነም፤ አዋጁ የሚለው የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ነው።

በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ባሕር ዳር ሱቆቿን ዘግታ ያደረገችው ከቤት ያለመውጣት አድማ ከዚህ የተለየ ነው፤ ጥያቄው ፖለቲካዊ፣ ተቃውሞውም በመንግሥት ላይ እንጂ በአሠሪ ላይ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ጎልተው የታዩት የደመወዝ አድማዎች ከፋብሪካ የተነሡ አይደሉም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ባለሙያዎች ሥራ አቁመዋል። መንግሥት የጤና ባለሙያዎቹን አድማ ሕገ ወጥ ብሎታል፤ የታሰሩም ነበሩ። ለእንደ ባሕር ዳር ያለ ከተማ ይህ ለውጥ ትርጉም አለው፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በፔዳና በፖሊ የሚያስተምረው፣ በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የሚሠራው የመንግሥት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አይተዳደርም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸው፣ ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችም ማኅበር የማቋቋምና ሥራ የማቆም መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ እነማን እንደሆኑ ለይቶ የሚወስነው ሕግ ግን አልወጣም። በአዋጁ መብቱ የተሰጠው ወዛደር በሥርዓቱ ርዝመት እምብዛም አይጠቀምበትም፤ በተግባር አድማ የሚመታው ባለሙያ ደግሞ የሚያስጠጋው አዋጅ የለውም።