«ሪዲሙን ጋልበው!»፦ የጃማይካ ዲጄዎች አባባልና ትርጓሜው

ጃማይካ ውስጥ አንድ ዲጄ ሲዋጣለት «ሪዲሙን ጋለበው» ይሉለታል። እዚያ ዲጄ ማለት ማይክ ጨብጦ በምት የሚናገረው ነው። ሸክላ የሚያጫውተው ሴሌክተር ይባላል። ሪዲም ደግሞ ዘፈኑ የቆመበት የቤዝና የድራም ምት ነው።

ብዙ ሰው ግልቢያ ሲባል በፍጥነት መለፍለፍ ይመስለዋል። አይደለም። ጎበዝ ጋላቢ ፈረሱን አይታገልም፤ እርምጃውን አውቆ አብሮት ይሄዳል። ዲጄውም እንደዚያው ነው። የት እንደሚገባ፣ የት ዝም እንደሚል ማወቅ አለበት።

ዲጄዎች በኪንግስተን ጭፈራዎች ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነበሩ። ግን ሸክላው ላይ ዘፋኙ ስላለ የሚተርፋቸው ቦታ ጠባብ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ነገሩ ተለወጠ። የስፓኒሽ ታውኑ ራዲ ሬድውድ ለሳውንድ ሲስተሙ (ጭፈራ ላይ ሸክላ ለሚያጫውትበት የድምፅ ማጉያ ቡድኑ) ያስቀዳው የፓራጎንስ የሚባለው የዘፋኞች ቡድን ዘፈን በስህተት ያለ ዘፋኝ ድምፅ ወጣ ይባላል። ማታ ሲያጫውተው ሕዝቡ ራሱ ዘፈነው! ብዙም ሳይቆይ ዘፋኝ አልባው «ቨርዥን» በሸክላ ጀርባ መታተም ጀመረ። ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ኪንግ ተቢ ደግሞ ድምፅ እያስገባ፣ እያወጣ፣ ኤኮ እየለቀቀበት ደብ የምንለውን አሳደገው።

የተቢ ሳውንድ ዲጄ ዩ ሮይ ነበር። በ1970 ለአምራቹ ዱክ ሪድ የሠራቸው ሦስት ዘፈኖች የጃማይካን ሰንጠረዥ ከአንድ እስከ ሦስት ያዙት። ከሦስቱ «ዌር ዩ ቱ ዘ ቦል»ን ስሙት። የፓራጎንስ ዘፋኝ ጆን ሆልት አንድ ስንኝ ይዘፍናል፤ ዩ ሮይ ከአፉ ቀበል አድርጎ ለሚዘፈንላት ልጅ መልሶ ይነግራታል። ከዚያ የዘፋኙ ድምፅ ይጠፋል። ዩ ሮይ ከቤዙ ጋር ብቻውን ይቀራል፣ ይጮኻል፣ ቃሉን ይጎትታል፣ ግን አንዴም ከምት አይወጣም። ለእኔ ግልቢያ ማለት ይሄ ነው።

አባባሉ ክብደት ያገኘው ሪዲሙ የጋራ ስለሆነ ይመስለኛል። አንዱን ምት መቶ ሰው ሊሠራበት ይችላል። ስለዚህ «ምቱ አሪፍ ነው» ማለት ዲጄውን ማመስገን አይደለም። የሚለየው አጋላለቡ ነው። ሳውንድ ዳይሜንሽን የሚባሉት ሙዚቀኞች በ1967 ለሸክላ አሳታሚው ስቱዲዮ ዋን የቀዱትን «ሪል ሮክ» ውሰዱ። ዊሊ ዊሊያምስ «አርማጌዲዮን ታይም»ን የዘፈነው በዚሁ ምት ላይ ነው፤ ረጋ ብሎ፣ እንደ ጸሎት። ዲጄዎቹ ፓፓ ሚሺገንና ጄነራል ስማይሊም «ናይስ አፕ ዘ ዳንስ»ን የሠሩት በእሱ ላይ ነው፤ እየተቀባበሉ፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላው እየዘለለ ገብቶ። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙና ቤዙን ብቻ ተከተሉ።