ቴክኖሎጂን ለማስተማሪያ፦ የመምህራን የሙያ ማሻሻያ በመሃል አዲስ አበባ

በሥራ ላይ ያለ መምህር ሙያውን የሚያሳድግበት አሠራር በኢትዮጵያ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ይባላል፤ መምህራን ሲያሳጥሩት «ተሙማ» ይሉታል። በማዕቀፉ መሠረት አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለዚህ ማዋል አለበት። አዲስ ተቀጣሪ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በነባር መምህር እየታገዘ የትውውቅ መርሐ ግብር ይከታተላል። የተሠራው ሁሉ በማህደር ይያዛል። ማህደሩም ከጀማሪ መምህር በሚነሣው የደረጃ ዕድገት ላይ ይታያል። ቴክኖሎጂን ከመማር ማስተማሩ ጋር ማዋሃድ በዚህ አሠራር ውስጥ እየገነነ የመጣ ርዕስ ነው።

ነገሩን ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው አካባቢ መመልከት ይጠቅማል፤ ፖሊሲው፣ ሥልጠናውና ክፍሉ እዚህ ጎረቤታሞች ናቸውና። ትምህርት ሚኒስቴር አራት ኪሎ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ፣ የትምህርት ኮሌጁን ይዞ፣ ስድስት ኪሎ ላይ ይገኛል። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የተከፈተው ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚኒስቴሩ ብዙም አይርቅም። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከእነኮምፒውተሮቹ ተጨምሯል። የዩኔስኮ የአፍሪካ የአቅም ግንባታ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው በዚሁ ከተማ ሲሆን፣ ሥራው በመምህራን ልማት ላይ ያተኩራል።

ስለ ቴክኖሎጂና መምህር ሲነሣ ፕላዝማን፣ ማለትም በክፍል ቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ትምህርት፣ መዝለል አይቻልም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶች በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለመላ አገሪቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይሠራጩ ነበር። መምህሩ መግቢያ ይሰጣል፣ ከዚያ ስክሪኑ ይረከባል፣ ማብቂያ ላይ መምህሩ ይቋጫል። ተማሪ አልገባኝም ብሎ እጁን ቢያወጣ ሥርጭቱ አይጠብቅም፤ መብራት ከጠፋም ክፍለ ጊዜው አብሮ ይጠፋል። ፕላዝማው ልምድ ያለው መምህር ላልነበረው ትምህርት ቤት እንደ ጠቀመ መካድ አይገባም። ሆኖም ብዙ መምህር ቴክኖሎጂን ቦታውን እንደሚወስድ ባላንጣ ማየት የጀመረው ያኔ ይመስለኛል። ዛሬ ሥልጠና ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚያንገራግር አንጋፋ መምህር ካለ፣ መነሻውን እዚያ መፈለግ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነበር። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ትምህርት ማስተላለፋቸው እንዳለ ሆኖ፣ መምህሩ ማስታወሻውን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መላክ ጀመረ። መመሪያ እስኪመጣ የጠበቀ አልነበረም። የዲፓርትመንት ግሩፖች ዛሬም ድረስ ሥራ ላይ ናቸው፤ የፈተና ጥያቄ፣ ሞጁል፣ አጭር ቪዲዮ ይዘዋወርባቸዋል። በማህደር ባይመዘገብም ይህም የሙያ ማሻሻያ ነው።

መደበኛው ሥልጠና የሚወርደው በደረጃ ነው። በማዕከል የሠለጠኑ አሠልጣኞች ለክፍለ ከተማ፣ ክፍለ ከተማው ለጉድኝት ማዕከሉ (ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ለሚጣመሩበት)፣ ጉድኝቱ ለትምህርት ቤቱ። ብዙ ጊዜ የቀናቱ ሥልጠና ትምህርት ቤት ሲደርስ የግማሽ ቀን ገለጻና በፍላሽ የተቀዳ ስላይድ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን በዩኒቨርሲቲዎች የተሰጠው ሥልጠና ይህን ሰንሰለት ያሳጠረ ነበር። በዚያው ክረምት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር መምህራንንም ስቧል፤ ሰርተፊኬት ያልያዘ ከሰው ያነሰ እስኪመስለው ድረስ። ኮዲንግ መማር ክፉ አይደለም፤ በኮምፒውተር ክፍልፋይን ወይም ፎቶሲንተሲስን ከማስተማር ጋር ግን አንድ አይደለም።

ልዩነቱን የዩኔስኮ የመምህራን የአይሲቲ (የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ) ብቃት ማዕቀፍ በግልጽ ያስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሦስተኛው እትም 18 ብቃቶችን በ6 ዘርፎች ያደራጃል፤ ዲጂታል ክህሎት ከስድስቱ አንዱ ብቻ ነው። ሥርዓተ ትምህርትና ምዘና፣ የማስተማር ሥነ ዘዴና አስተዳደር ራሳቸውን ችለው ቆመዋል። የትምህርት ተመራማሪው ሊ ሹልማን በ1986 (እ.ኤ.አ.) የትምህርት ይዘትና የማስተማር ዘዴ እንዳይነጣጠሉ ያነሣውን ሐሳብ፣ ተመራማሪዎቹ ሚሽራና ኮህለር በ2006 (እ.ኤ.አ.) ቴክኖሎጂን ጨምረው ያሰፉትም በዚሁ መንፈስ ነው።

ይህ በክፍል ውስጥ ምን ይመስላል? የፊዚክስ መምህር ፌት የተባለውን የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነፃ ሲሙሌሽን አስቀድሞ ላፕቶፑ ላይ ይጭናል፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። አንድ አምፖል ያለበትን ዑደት በፕሮጀክተር ያሳያል። «ሁለተኛ አምፖል በተከታታይ ብጨምርስ?» ይልና እጁን ከመዳፊቱ ያነሣል። ይደምቃል የሚሉ፣ ይደበዝዛል የሚሉ፣ ፊተኛው ቀድሞ ስለሚያገኝ እንዳለ ይቆያል የሚሉ እጅ ያወጣሉ። ሦስተኛው ቡድን ወርቅ ነው፤ ኤሌክትሪክ መንገድ ላይ እየተበላ የሚያልቅ እንደሚመስለው ገልጦ አሳይቷልና። መምህሩ አምፖሉን የሚጨምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሁለቱም እኩል ይደበዝዛሉ። አሠልጣኙ ሶፍትዌሩን ለማሳየት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ያችን እጅ ከመዳፊት የማንሣት ነገር ለማስለመድ ግን የሥራ ባልደረባ ክፍል ገብቶ ተቀምጦ ማየት፣ ወጥቶም መነጋገር ያስፈልጋል። የክፍል ምልከታ በተሙማ ውስጥ ድሮም አለ፤ ፎርም መሙያ ብቻ ሆኖ ሲቀር ነው የሚያሳዝነው።

የቀረው የሚታወቅ ችግር ነው፦ የተማሪ ብዛት፣ የሚቆራረጥ መብራትና ኔትወርክ፣ ጥገና ያጣ ፕሮጀክተር። አንድ ግን ብዙ የማይወራለት አለ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። በዚህ ላይ የኮምፒውተር ክፍሉ በአይቲ ክፍለ ጊዜና በፈተና ልምምድ ሲያዝ፣ የባዮሎጂ ወይም የታሪክ መምህሯ ሠልጥና ብትመጣም ተራ አታገኝም። ርዕሳነ መምህራን ፕሮግራም ሲያወጡ ለሌሎች ዲፓርትመንቶች በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ እንኳ ቢያስቀሩ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።